ዶርዜ የወጣው ባቡር

ባለቤቴ ሙሉጌታ ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ እሁድ ከምሳ በኋላ፣ በልጃችን ኮምፒውተር ላይ ባቡር አይቶ «ለካ እውነት ነው!» ባይል ኖሮ ይህን ሁሉ አላነሳውም ነበር። ልጃችን ሜሮን ሐዋሳ ነው የምትሠራው። ስትመጣ እንደ ሰው ልጅ ስኳርና ዘይት ብቻ ይዛ አትመጣም፤ ለአባቷ የባቡር ነገር ፈልጋ ነው የምትመጣው። የዚያን ቀን ከከተማችን ላይኛው ክፍል፣ ሸጫ፣ ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ነበርን። አባያ ሐይቅ ከታች እንደ ሁልጊዜው ቀላ ብሎ ተንጣሏል። እኔ ማንጎ እልጣለሁ፤ አባትና ልጅ ኮምፒውተሩ ላይ አፍጥጠዋል። አንድ ሰው ካሜራ ከባቡር ግንባር ላይ አስሮ የቀረጸው ነው። ባቡሩ በረዶ በለበሰ ተራራ መካከል ሽቅብ ይወጣል። ከፊት ለፊት ጉብታ ላይ አንዲት ነጭ ቤተ ክርስቲያን ቆማለች። ባቡሩ ዋሻ ገባ፤ ጨለመ፤ ጨለማውም ረዘመብኝ። ሲወጣ ያቺው ቤተ ክርስቲያን ከጎናችን ሆነች። እንደገና ዋሻ፣ እንደገና ጨለማ። ሲወጣ ቤተ ክርስቲያኗ ከእግራችን በታች ወርዳለች፤ ቅድም ያለፍንበት ሐዲድም ከሥሯ እንደ ክር ቀጥኖ ይታያል። ተራራው ሆድ ውስጥ ዞሮ ዞሮ በራሱ መንገድ አናት ላይ ብቅ አለ ማለት ነው።

ሙሉጌታ ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ጉልበቱን ስለሚያመው ከወንበር ለመነሣት ጊዜ ይወስዳል። ያን ቀን ግን እንደ ጎረምሳ ብድግ አለ። «ለካ እውነት ነው!» አለ። «አቦ፣ ለካ እውነት ነው!»

ሜሮን ሳቀች፤ የደስታ መስሏት። እኔ ቢላዋውን አስቀመጥኩ። ምክንያቱም እኔ የተዳርኩት ይህን ባቡር በዓይኑ ላየ ሰው ነበር።

ነገሩ ረጅም ነው። ያኔ፣ የዛሬ አርባ ስድስት ዓመት ግድም፣ ታችኛው ከተማ ሲቀላ እንዲህ አልተጨናነቀችም። ባጃጅ የሚባል ነገር የለም፤ አቧራው ግን አሁንም ያው ነው። አባቴ የዶርዜ ሸማኔ ነበር። ብዙ ዓመት አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ሸማ ሲሠራ ስለኖረ አማርኛው የተባ ነው። ወደ አገሩ ሲመለስ ሲቀላ ገበያ ዳር አንዲት ጠባብ ሱቅ ተከራይቶ የሚሠራውን ጋቢና ነጠላ እንድሸጥ እኔን አስቀመጠኝ። ከሱቄ ፊት ለፊት ሻይ ቤት ነበር። ሬዲዮኑ ጠዋት የተከፈተ እስኪመሽ አይዘጋም፤ አንዱን ዘፈን በቀን አራት አምስት ጊዜ ስለምንሰማው ግጥሙን ሳንወድ በግዳችን ሸምድደነዋል። ሻይ አስር ሳንቲም፣ ክንድ የሚያክል የጫሞ ሐይቅ አሳ ሃምሳ ሳንቲም። ማንጎማ ማን ይገዛዋል? ከዛፍ ሥር ትለቅሚያለሽ እንጂ። እኔ ያኔ ከጉልበት ትንሽ ዝቅ የሚል ጉርድ ቀሚስና ነጭ ታኮ ጫማ ነበረኝ። ታኮው አቧራው ውስጥ እየሰመጠ ስሄድ እንደ ዳክዬ ነበር አሉ፤ እኔ ግን ቆንጆ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ሙሉጌታ የመጣው ያኔ ነው። የድሬዳዋ ልጅ፣ የከዚራ ሠፈር፤ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ያደገ መካኒክ። እዚህ ለሚተከል የፋብሪካ ማሽን ነበር ያመጡት። ሱሪው ከጉልበት በታች እንደ ጃንጥላ ይዘረጋል፤ ጸጉሩ ጎፈሬ ነው። መጣና ጋቢ ገዛ። በሳምንቱ መጣና ሌላ ጋቢ ገዛ። ሦስተኛውን ሲጠይቀኝ «ለማን ነው?» አልኩት።

«ለራሴ ነው።»

«በዚህ ሙቀት ሦስት ጋቢ?»

«አቦ፣ እኔ ይበርደኛል» አለኝ፤ ላቡ በአገጩ እየተንጠባጠበ።

ከዚያ በኋላስ ምን ይባላል! ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹን ይዞ ራሱም ዶርዜ ወጣ። የድሮው መንገድ ደግሞ የዋዛ አይደለም፤ የጭነት መኪናው አቃስቶ አቃስቶ፣ ረዳቱ ከኋላ ጎማው ሥር ድንጋይ እያስገባ ነው የሚወጣው። አባቴ ቅጥር ግቢ ሲደርሱ ሁሉም ፊታቸው አመድ መስሏል። አባቴ ቆጮና ዳጣ አስቀርቦ፣ አብልቶ ሲያበቃ መጠየቅ ጀመረ። እኔ ከቀርከሃው ቤት ግድግዳ ጀርባ ቆሜ እሰማለሁ። ምን ትሠራለህ፣ ዘመዶችህ እነማን ናቸው፣ ባቡር የምትለው እንዴት ያለ ነው። አባቴ ባቡር አዲስ አበባ አይቷል። ይልቅ ያስጨነቀው ሌላ ነው። «ያ ያንተ ባቡር ይህን የእኛን አቀበት ይወጣዋል?» አለው።

«ይወጣዋል» አለ ሙሉጌታ። «ቀጥ ብሎ አይወጣም። ተራራውን ይበሱለታል። ውስጥ ለውስጥ እየዞረ ቀስ ብሎ ከፍ ይልና በገባበት ቀዳዳ አናት ላይ ይወጣል።»

የተሰበሰበው ሰው በሳቅ ፈረሰ። አቶ ባሳ የሚባል ጎረቤታችን፣ ያኔ ገና ጎልማሳ ነው፣ «እባብ ነው እንዴ?» አለ። አባቴ አልሳቀም። ወደ ሙሉጌታ ጎንበስ ብሎ፣ «ይህን በዓይንህ አይተሃል?» ብሎ ጠየቀው።

«በእነዚህ ዓይኖቼ አይቻለሁ። መሥሪያ ቤቴ ባሕር ማዶ ለትምህርት ልኮኝ አይቻለሁ።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። በእኛ በጋሞዎች ዘንድ ጎሜ የሚባል አለ። ሰው ነውር ሲሠራ፣ በተለይ በሽማግሌ ፊት ሲዋሽ፣ ጥፋቱ እሱ ላይ ብቻ አይቀርም፤ በልጁ፣ በከብቱ፣ በእርሻው ይወርዳል ይባላል። የሚለቀውም ሰውየው በሰው ፊት ቆሞ ሲናገር ነው። አባቴ ይህን ለድሬዳዋው ልጅ አስረዳው። «አይቻለሁ» አለ ሙሉጌታ ደግሞ። «እንግዲያው አሳየን» አለው አባቴ።

ሙሉጌታ ወርዶ ሦስት ሳምንት ጠፋ። በሦስተኛው ሳምንት ሐሙስ፣ የዶርዜ ገበያ ቀን፣ አንድ ኤንትሬ የጭነት መኪና አባቴ ደጅ ቆመ። ከላዩ ላይ አራት ሰው ደግፎት የቆመ ተራራ አለ። ከቀርከሃ ቀፎ ሠርቶ በጭቃ መርጎታል፤ ጥምዝምዝ የሽቦ ሐዲድ በውስጡ ዘርግቷል። ባዶ የሰርዲን ቆርቆሮዎችን በጎማ ቁራጭ እያያያዘ ባቡር አድርጓቸዋል። በመንገዱ መንገጫገጭ የተራራው አንድ ጎን ስለፈረሰ አቶ ባሳ ራሱ ጭቃ አቡክቶ አገዘው። ገበያተኛው ሁሉ ግዢውን ትቶ ግቢያችን ሞላ። ሙሉጌታ ከአባቴ ክር ለመነ። ክሩን ከፊተኛው ቆርቆሮ ጋር አስሮ በላይኛው ቀዳዳ አወጣና ቀስ ብሎ ይስብ ጀመር። ቆርቆሮዎቹ አንድ በአንድ ተራራው ውስጥ ገቡ። ከዚያ ምንም የለም። ክሩ ተወጠረ። አንዲት ሴትዮ «በላው» አለች። ሙሉጌታ ላቡን ጠርጎ ክሩን ላላ አደረገና መልሶ ሳበው፤ ፊተኛው ቆርቆሮ ከገባበት ቀዳዳ ከፍ ብሎ፣ በአናቱ ላይ፣ አፍንጫውን ብቅ አደረገ።

የዚያን ቀን ጩኸት! አባቴ ተነሥቶ ክሩን ከእጁ ተቀበለ። ራሱ ሳበው። ቆርቆሮዎቹን ወደ ታች መልሶ ደግሞ ሳበው። ሸማኔ ነው፤ ክር እንዴት እንደሚዞር ያውቃል። ስንት ጊዜ እንደሳበው እንጃ፣ ሰው ተሰላችቶ ገበያው ተበተነ። በመጨረሻ ለሽማግሌዎቹ «ያላየ ሰው ይህን አይሠራም» አላቸው። እንዲህ ነው የተዳርኩት።

ያ ባቡር ከእኛ ጋር አረጀ ብል ይሻላል። ሙሉጌታ ያየውን ሲያወራ በየዓመቱ ይጨምርበታል። ልጆች ስንወልድ በረዶው ተጨመረ። ከዚያ ጣቢያው ላይ ዳቦ የምትሸጥ ቀይ ሻርፕ ያደረገች ሴት መጣች። ጎረቤታችን የነበረ የጂኦግራፊ መምህር አንድ ቀን «ጋሽ ሙሉጌታ፣ እንዲህ ያለው ባቡር እንኳ ያለ አይመስለኝም» ቢለው ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላምታ ነሣሁት። ሚስቱ ወጥ ስትልክልኝ እንኳ ሳህኗን በሰው ነበር የምመልስላት።

እውነተኛ ባቡር ያየሁት አንድ ጊዜ ነው፤ በተጋባን በዓመቱ እናቱ ዘንድ ድሬዳዋ ሲወስደኝ። አዲስ አበባ ለገሃር ጣቢያ ገና ጎሕ ሲቀድ ደረስን። ሦስተኛ ማዕረግ፣ የእንጨት ወንበር፤ ጎኔን ሳምንት አሞኛል። ግን ምን ያደርጋል፣ መስኮቱ አለ! ሜዳው ወደ ኋላ ሲሮጥ፣ ግመሎቹ አንገታቸውን አስግገው ሲያዩን፣ በየጣቢያው ሳምቡሳና ብርቱካን የያዙ ሴቶች ከባቡሩ እኩል እየሮጡ ሲሸጡ። ሙሉጌታ ነጂውን ያውቀዋል፤ ትኬት ቆራጩን ያውቀዋል፤ ፊሽካው ሲነፋ «ይኼ ያኛው ሞተር ነው፣ ቫልቩን እኔ ነኝ የቀየርኩለት» ይለኛል። እኔ ደግሞ ኮረብታ ባየሁ ቁጥር «ይኼ ነው?» እላለሁ።

«አይደለም። ያኛው ባሕር ማዶ ነው አልኩሽ እኮ።»

እናቱ ቤት ገብተን ሳንጨርስ እኔ ምስጋናዬን ጀመርኩ። «እማማ፣ ልጅዎ ባሕር ማዶ ድረስ ተምሮ...» ስል ሴትዮዋ ልጃቸውን ቀና ብለው አዩት። ረጅም እይታ ነበር። ከዚያ «አዎ፣ ባሕር ማዶ» አሉና ሳህኑን ወደ እኔ ገፉት። «ብዪ ልጄ፣ ሳምቡሳው ሳይቀዘቅዝ ብዪ።»

አሁን ወደዚያ እሁድ ልመለስ። ሜሮን ከፊልሙ በኋላ ሌላ ነገር ከፈተችለት፤ ያንኑ ተራራ፣ ያንኑ ሐዲድ፣ ራስህ የምትነዳው። ጨዋታ ነው፤ ግን በረዶውም፣ ዋሻውም፣ ነጯ ቤተ ክርስቲያንም አለችበት። የትኛውን ቁልፍ ሲጫን እንደሚሄድ፣ የትኛውን ሲጫን ፍሬን እንደሚይዝ አሳየችው። ወጣትነቱን ባቡር ሲጠግን ያሳለፈ ሰው እንጂ ነጂ አይደለም። መጀመሪያ ዋሻው ውስጥ ሲፈጥን ከሐዲድ ወጣ። «እንዲህ ፍሬን አይያዝም! የሠራው ሰው ባቡር አያውቅም!» ብሎ ጮኸ። በአራተኛው ሙከራ ሁለቱንም ዋሻ አልፎ ቤተ ክርስቲያኗን ቁልቁል ሲያያት ፊሽካውን እስኪበቃው ነፋ። የጎረቤት ውሻ ጮኸ።

ሜሮን ማግስቱን ለጉዳይ ወደ ሲቀላ ስትወርድ ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ሙሉጌታ።»

«እ?»

«ትናንት 'ለካ እውነት ነው' አልክ። አይተኸው የለም እንዴ?»

ባቡሩን ዋሻው ውስጥ አቆመው። ፊቱን ወደ እኔ አላዞረም፤ የጨለመውን ስክሪን እያየ ነበር የነገረኝ። ወርክሾፑ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ አለቃ ነበር አለ። ግድግዳው ላይ የዚያ ተራራ ሥዕል ያለበት አሮጌ ካላንደር ሰቅሎ ነበር። ሠራተኞቹ ሻይ ሲጠጡ ያ ሰውዬ በገመድ እየጠቀለለ ያሳያቸዋል። ሙሉጌታ ከጅቡቲ አልፎ አያውቅም።

«ታዲያ ለምን?»

«አባትሽ 'አይተሃል?' አለኝ። ሰው ሁሉ እየሳቀብኝ ነው። አላየሁም፣ ሰው ነግሮኝ ነው ብል አንቺን ይሰጠኛል? የባሰው ደግሞ ኋላ ላይ ራሴም መጠራጠር ጀመርኩ። ፈረንጁ ሲቀልድብን ቢሆንስ? የምጠይቀው ሰው የለም። ሜሮን ሕፃን ሆና ያ ወባ ሲጥላት ትዝ ይልሻል?»

እንዴት አይለኝ! ልጅቷ አምስት ቀን ዓይኗን አልገለጠችም። እሱ ከክሊኒኩ ግንብ ጋር ተጣብቆ «በእኔ ነው፣ በእኔ ነው» ሲል ነበር። ወባ በአንተ የሚመጣው በየት በኩል ነው ብዬ ተቆጥቼው ነበር።

«ያኔ ጎሜው ነው ብዬ ነው» አለ። «እኔ በእንዲህ ያለ ነገር የማላምን የድሬ ልጅ። ዶርዜ ወጥቼ ልናገር ስል ልጅቷ ዳነች። ስትድን ደግሞ መናገሩን ፈራሁ።»

ሁለት ቀን አላናገርኩትም። ምግቡን አቀርባለሁ፣ መድኃኒቱን አስቀምጥለታለሁ፤ ቃል የለም። ያንን የጂኦግራፊ መምህር አሰብኩ፤ አሁን በሕይወት የለም፣ ይቅርታ ልበለው ብል የት አገኘዋለሁ? ቀይ ሻርፕ ያደረገችውን ዳቦ ሻጭ አሰብኩ። በእሷ ስንት ዓመት በሆዴ ቀንቼ ነበር መሰላችሁ! በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሙሉጌታ ልብሱን ለብሶ በር ላይ ቆመ። «ዶርዜ እወጣለሁ። አባትሽ ባይኖሩም ወንድምሽ አለ፤ ለእሱ እናገራለሁ» አለ። «ብቻህን አትሄድም» አልኩት። ካኮረፍኩ በኋላ መጀመሪያ ያልኩት ይህን ነው። ሜሮንም ኮምፒውተሯን ይዛ ተነሣች።

መንገዱ ዛሬ ሌላ ነው፤ ቱሪስት እንኳ በሚኒባስ እያንቀላፋ ይወጣል። ወንድሜ ጳውሎስ ሰማንያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። ነገሩ ምን እንደሆነ በስልክ ጠቁሜው ስለነበር አቶ ባሳንና ሌላ አንድ አዛውንት ጠርቶ ግቢው ውስጥ አግዳሚ አስቀምጦ ጠበቀን። እንሰቱ ሥር ተቀመጥን። ጳውሎስ «እኛ ወንጌል ከተቀበልን ወዲህ ጎሜ ቀርቷል እንላለን» ብሎ ጀመረ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከአጥሩ ሥር እርጥብ ሣር ነጨና በእጁ ያዘ፤ አባቶቻችን ለዕርቅ ሲቀመጡ እንደሚይዙት። «ቢሆንም ተናገር፤ ቆመህ ተናገር» አለው።

ሙሉጌታ ቆመ። «ያኔ እዚህ ግቢ የሰጠሁት ቃል ውሸት ነበር። አላየሁም። ሰው ነግሮኝ ነው» አለ።

ከዚያ አቶ ባሳ «ባቡሩስ? ባቡሩም ውሸት ነው?» አለ።

ሜሮን ኮምፒውተሩን አግዳሚው ላይ ከፈተች። ሦስቱ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ከጸሐዩ ብርሃን መከለያ አድርገው ከሥሩ ተጠጋግተው አዩ። ባቡሩ ገባ፤ ጨለመ፤ ወጣ። አቶ ባሳ «ወደ ግራ ነው የዞረው» ሲል ሌላኛው አዛውንት «ወደ ቀኝ ነው» አለ። ድገሚው አሏት። ደገመችው። ሦስተኛ አሏት። ጳውሎስ «አባታችን ይህን ቢያይ...» ብሎ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሰው ቀረ።

ከዚያ ሦስቱ እንሰቱ ጀርባ ሄደው በጋሞኛ ሲንሾካሾኩ ቆዩ። ተመልሰው ሲቀመጡ የጳውሎስ ፊት የፍርድ ቤት ፊት ሆኗል።

«ሙሉጌታ፣ ልጃችን የተሰጠችህ በቃልህ ነው። ቃልህ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ልጃችንን መልስ።»

ባለቤቴ ደነገጠ። የእውነቱን ደነገጠ፤ አርባ ስድስት ዓመት አብሬው የኖርኩትን እኔን እዚያው ትቶኝ የሚሄድ ይመስል ዞሮ አየኝ። የአቶ ባሳ ትከሻ ነው መጀመሪያ መንቀጥቀጥ የጀመረው። ከዚያ ሁሉም ሳቁ፤ የጳውሎስ ሚስት ከቤቱ ውስጥ ሳይቀር ሳቋ ተሰማ። ጳውሎስ ግን እጁን አነሣ።

«እኔ አልቀለድኩም» አለ። «ያኔ አባታችን እሱን ነው የጠየቀው። ማንም እሷን አልጠየቃትም። ዛሬ እንጠይቃት። አማረች፣ እዚህ ትቀሪያለሽ ወይስ ከእሱ ጋር ትሄጃለሽ?»

ሳቁ ቆመ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ ልጄም ጭምር። እውነትም ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። እኔ ከቀርከሃው ጀርባ የቆምኩ ነበርኩ። አሁን ሰባ ዓመቴ ሊሆን ነው፤ ሦስት ሽማግሌ አፌን እያየ ቁጭ ብሏል። አልቸኮልኩም። የጳውሎስ ሚስት ያቀረበችውን ቆጮ ቆረስኩ፤ ዳጣ ነካ አደረግኩ፤ ቀስ ብዬ አላመጥኩ። ሙሉጌታን አየሁት። ጎፈሬው የለም። በሰርዲን ቆርቆሮ አባቴን ያሸነፈበት እጁ የሚያመውን ጉልበቱን ያሻል። ሌላ ቆጮ ቆረስኩ። ከተራራው አናት ጉም መውረድ ጀምሮ የላይኛዎቹ ቤቶች ጠፍተዋል።

«ተነሣ እንጂ አንተ» አልኩት። «ጉሙ መንገዱን ሳይዘጋብን እንውረድ።»

እሱም ኮፍያዬ የት ሄደ እያለ አግዳሚው ሥር ሲፈልግ፣ ራሱ ላይ መሆኑን የነገረው ሰው የለም።